ያያችሁትን ጻፉ፦ ስለ ክሌም (የኢንሹራንስ ካሳ) ሥራ ለተመራቂዎች ያደረግሁት ንግግር

ለተመራቂ ተማሪዎች በተዘጋጀ የሥራ መረጃ ቀን ላይ የተናገርኩት ነው። «ጽፈሽ ለጥፊልን» ላላችሁኝ ይኸው። ከድምፅ ቅጂው ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ብዙም አልነካካሁትም።

እንደምን አደራችሁ? ኧረ ይሄ ቁርስ ያልበላ ሰው ድምፅ ነው። እንደገና፣ እንደምን አደራችሁ? እሰይ፣ አሁን ይሻላል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ የዝግጅቱ አስተባባሪዎች፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ወንድሜ ስለ ባንክ ሲያወራ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። እኔ ገና «ከኢንሹራንስ ነው የመጣሁት» ከማለቴ ግማሾቻችሁ ስልክ አወጣችሁ። አይቻችኋለሁ። ማየት ሥራዬ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኢንሹራንስ ሲባል ምን ይመጣባችኋል? ጮክ በሉ። «ቦሎ»፤ እሺ። «የመኪና ግጭት»፤ እሺ። «ሲቀበሉ ፈገግታ፣ ሲከፍሉ ቀጠሮ»። ይሄን ያለው ማነው? አትደበቅ፣ አልቆጣህም። የመጣሁት እኮ ለዚህ ጥያቄ ነው።

ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ አንዱ ክፍል ውል ይሸጣል፣ አርቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለውን ክፍያ፣ ይሰበስባል። ሌላው ክፍል አደጋ ሲደርስ ይመረምራል፣ ይገምታል፣ ይከፍላል፤ ወይም «አንከፍልም» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ነኝ። ደብዳቤ ላይ «የካሳ ክፍል» ይባላል። ቢሮ ውስጥ ክሌም ነው የምንለው። ጋራዥ ስንሄድ ደግሞ ሁላችንም «ኢንጂነር» ነን፤ የሕግ ምሩቁም፣ የሒሳብ ምሩቁም ኢንጂነር ነው።

የአባቶቻችሁ ዘመን ቢሆን ስለዚህ ሥራ የማወራው ስለ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። በ1967 ደርግ 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወረሰ። በ1968 እነሱን ጠቅልሎ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን አቋቋመ። ከዚያ እስከ 1986 ድረስ ክሌም መሥራት የፈለገ ሰው የሚያንኳኳው አንድ በር ብቻ ነበር። በ1986 ዘርፉ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከፈተ። አሁን ብዙ ኩባንያ አለ፤ የእኛን የራሳችንን አደጋ የሚጋራን የኢትዮጵያ ጠለፋ መድንም አለ። ታሪኩ ይበቃል፤ ፈተና አይመጣባችሁም።

ሦስት ነገር ነው የማወራችሁ። አንደኛ ስለ ዓይን። ሁለተኛ ስለ ወረቀት። ሦስተኛ ስለ ሰው። ከዚያ እንዴት እንደሚገባበት። ሦስቱ እኩል ሰዓት አያገኙም፤ ካሁኑ ይቅርታ።

አንደኛ፣ ዓይን።

ሥራ ስጀምር አለቃዬ አንድ ጋሼ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ጋራዥ ለጋራዥ የጨረሱ ሰው። ለአዲስ ገቢ የሚሰጡት ሥልጠና በሁለት ቃል ያልቃል፦ «ያየሽውን ጻፊ።» የሰማሽውን አይደለም። የገመትሽውን አይደለም። ያየሽውን። እኔ በሆዴ «ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል?» አልኩ።

አንድ ቀን አንዲት ቪትስ መኪና መጣች። የቀኝ ፓራፋንጎዋ፣ ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ፣ ገብቷል። ፓራውልቷ፣ የፊት መከላከያዋ፣ ተሰንጥቋል። የፊት መብራቷ ተሰብሯል። ባለንብረቱ ሞልቶ የፈረመበት ቅጽ «ትናንት ማታ ከቆመ መኪና ጋር ተጋጨ» ይላል። እሺ። ቁጢጥ አልኩ። ፓራፋንጎው የታጠፈበት ላይ ቀለሙ ተላጦ ብረቱ ይታያል። ብረቱ ግን አያበራም። ዝጓል። ዝገቱም የአንድ ሌሊት ዝናብ የሚያመጣው ቀላ ያለ ነገር አይደለም። ቡናማ ነው፤ በጥፍር ስነካው ይረግፋል። ፓራውልቱ ስንጥቅ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ደርቋል። ትናንት ደግሞ መንገዱ ደረቅ ነበር። መብራቱ ጋ ስመጣ ታሪኩ ተገለበጠ። የተሰበረው ጠርዝ ስለት ነው። ውስጡ አቧራ የለም። የሌላ መኪና ነጭ ቀለም ጠርዙ ላይ ቀርቷል።

ምን ትላላችሁ? ... «አጭበርባሪ ነው!» አያችሁ? የእኔም ደም እንደዚሁ ነው የፈላው። አሮጌ ጉዳቱን ከአዲሱ ጋር ደርቦ ሊያስጠግን ነው፣ ያዝኩት! ሪፖርቱ ላይ ያንኑ ልጽፍ ስል ጋሼ ከኋላዬ መጡ። «አጭበርባሪነቱን አየሽው?» አሉኝ። አላየሁትም። ያየሁት ዝገት ነው፣ የደረቀ ጭቃ ነው፣ ንጹሕ ስባሪ ነው። ያንን ጻፍኩ። ፎቶ ጨመርኩበት። ከዚያ ባለንብረቱን ጠርተን ዝገቱን አሳየነው።

ሰውየው ደነገጠ። ያስመሰለ ድንጋጤ አይደለም። «መኪናዋን ሌላ የሚነዳ አለ?» አልነው። የእህቱ ልጅ አለ። ስልክ ተደወለለት። ልጁ ቀደም ብሎ ከግንብ ጋር አጋጭቷታል፤ አጎቱ እንዳያይ ያን ጎን ወደ አጥር አስጠግቶ ሲያቆም ከርሟል። የትናንቱ ግጭት ሲመጣ «ተመስገን፣ ተሸፈነልኝ» ብሎ ዝም አለ። አጎትየው ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ታዲያ ምን ሆነ? ሁለት አደጋ ነው፤ ሁለት ቅጽ ተሞላ። ኤክሰስም፣ ማለትም መድን ገቢው ከራሱ ኪስ የሚችለው ድርሻ፣ ሁለቴ ተቆረጠ። የልጁ መንጃ ፈቃድ ታየ፤ የታደሰ ነበር። «የመጀመሪያው አደጋ በጊዜው አልተነገረም» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። አደጋን በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን መድን ገቢው ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ሰውየው ያወቀው እኛ ቢሮ ውስጥ ነው! ሁለቱም ተከፈለ።

ሰው ክሌም ሲባል ሌባ ማሳደድ ይመስለዋል። ሌባ የለም አልልም፤ አለ፣ እንዲያውም ጎበዝ ጎበዝ ሌባ አለ። አብዛኛው ቀናችሁ የሚያልፈው ግን ለሰው የሚገባውን በመፈለግ ነው። የሚገባው ስንት ነው? ከየትኛው ጉዳት? በየትኛው አንቀጽ? ለኩባንያው ብር ያተረፈ የሚመስለው የክሌም ሠራተኛ አለ። እኔ እሱን አልቀጥረውም። ደንበኛ ባለቀሰ ቁጥር የሚፈርመውንም አልቀጥረውም።

ዓይን ለመኪና ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር ሞጆ ደረቅ ወደብ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ዕቃ ርሷል። ውሃው ከየት መጣ? ባሕር ላይ ገባ ወይስ መንገድ ላይ ዝናብ ነው? ልዩነቱ ማን እንደሚጠየቅ ይወስናል፤ መርከቡ ወይስ የጭነት መኪናው? ለዚህ የሚያገለግል ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ጠብታ ጣል ስታደርጉበት ውሃው ጨው ካለበት እንደ ወተት ይነጣል። ኬሚስትሪ ምን ይሠራልኛል ያላችሁ ካላችሁ፣ ሞጆ ኑ። ከዚያ በፊት ግን የኮንቴይነሩን ፕሎምፕ፣ ማለትም የበሩን ማሸጊያ፣ ቁጥር ከሰነዱ ጋር አስተያዩ። እሱ ካልገጠመ ሌላው ሁሉ ይቆያል።

ዓይን ለወረቀትም ነው። አንድ ፋይል ላይ የሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ቀረበልኝ። ሦስት የተለያየ ማህተም፣ ሦስት የተለያየ ዋጋ። ሦስቱም ላይ ግን «ራዲያተር» የሚለው «ራድያተተር» ተብሎ ተጽፏል። «ተ»ዋ ሁለቴ። ጅራቷ ወደ ግራ የምትጣመም አንድ ዓይነት «ተ»። ሦስት ጋራዥ አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሠራ ይችላል? ይችል ይሆናል። አንድ ዓይነት እጅ ግን ሊኖረው አይችልም። ያየሁትን ጻፍኩ፤ ጨረታው ተሰርዞ በሌሎች ጋራዦች ተደገመ።

ስለ ጋራዥ ካነሳን፣ የየቀኑ ክርክራችሁ አንድ ነው፦ ይቀየር ወይስ ይጠገን? ደንበኛው «ይቀየርልኝ» ይላል። ላሜራ ሠራተኛው ኮፈኑን በመዶሻ እንደ አዲስ ሊያወጣው ይችላል። አንዳንዱ ነገር ግን መጠገን የለበትም። የመሪ ክፍል፣ የፍሬን ክፍል፣ የተጣመመ ሻንሲ ላይ ብር እቆጥባለሁ ብላችሁ እንዳትጫወቱ። እዚያ ላይ የቆጠባችሁት ብር ነገ ሰው ይገድላል። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ደግሞ ለኩባንያው ገቢ ይሆናል። ለምን መሰላችሁ? «ቀየርኩ» ብሎ አሮጌውን ቀለም ቀብቶ የሚመልስ ስላለ ነው።

«ሻይ»ም አለ። የቢሮ ሻይ አይደለም የምለው። በፖስታ የሚሰጠው ሻይ። ይመጣባችኋል፤ አይመጣብንም ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ። ደሞዛችሁ ትንሽ በሆነበት ወር፣ የቤት ኪራይ በደረሰበት ሳምንት ነው የሚመጣው። እኔ ያለኝ ዘዴ ቀላል ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ቡናም ሻይም እጠጣለሁ፣ ሒሳቡን ግን እኔ ነኝ የምከፍለው። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። ኋላ ለመዱት።

ሁለተኛ፣ ወረቀት።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለች፤ አትፍሩ።

ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ የአንዲት እናት ልብስ መደብር ተቃጠለ። ሌሊት ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው። ሰፈርተኛው ደርሶ ስላጠፋው ከግማሽ በላይ ዕቃ ተረፈ። እኔ በማግስቱ ደረስኩ። የልብስ ቃጠሎ ሽታ ታውቃላችሁ? ሦስት ቀን ከፀጉር አይለቅም።

እትዬ «ይሄ መደርደሪያ ሙሉ ጂንስ ነበር» አሉኝ። እኔ የማየው አመድ ነው። አመድ ይቆጠራል? ይቆጠራል! ጂንስ ሱሪ አንድ የወገብ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ብረት ነው፣ በእንዲህ ያለ እሳት አያልቅም። የሠፈር ልጆች ወንፊት አመጡ። አመዱን ነፋን። ጥቁር ጥቁር ቁልፎች እፍኝ እፍኝ እየሆኑ ወጡ። ቆጥረን ከግዢ ደረሰኞቻቸው ጋር አስተያየነው። ጥቂት ብቻ ነው ልዩነቱ። እትዬ እውነተኛ ነበሩ። ቅንጣት አልዋሹም።

ጣጣው የመጣው ከውሉ ነው። መደብሩ ኢንሹራንስ የተገባለት በ1 ሚሊዮን ብር ነው። ያ ዋጋ ውሉ መጀመሪያ ሲፈረም ትክክል ነበር። ከዚያ በየዓመቱ ሲታደስ ያው ቁጥር ይገለበጣል። በመሐል ምን መጣ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የልብሱ ዋጋ አብሮ ወጣ። እሳቱ በተነሣበት ሌሊት መደብሩ ውስጥ የነበረው ዕቃ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል። የተቃጠለው 600,000 ብር ነው። ስንት ይከፈላቸው?

«600,000» የሚል አለ። አይደለም። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ንብረትህን ከዋጋው በታች ካስመዘገብክ፣ ለቀረው ራስህ መድን ሰጪ ነህ። የ2 ሚሊዮን ብር ዕቃ በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበ ግማሹን ነው ያስገባኸው። ስለዚህ ጉዳቱም ግማሹ ነው የሚከፈለው። 300,000 ብር። ከዚያ ላይ ኤክሰስ።

አሁን ይሄን ለእትዬ ንገሯቸው። አመድ የነካው ነጠላቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። አንድ ቀን አርቦን አላሳለፉም። አንድ ቁልፍ አልዋሹም። «ልጄ፣ ሙሉ እየከፈልኩ ግማሽ?» አሉኝ።

ምን ትሏቸዋላችሁ? ብዙ ሰው እዚህ ቦታ ላይ «ይሄ የቢሮው ውሳኔ ነው» ብሎ ይሸሻል። እንደዚያ አታድርጉ። እኔ ወረቀት አወጣሁና ሁለት መደብር ሣልኩ። አንዷ በ2 ሚሊዮን ያስገባች፣ በየዓመቱ እጥፍ አርቦን የከፈለች ጎረቤት። ሌላዋ እሳቸው። «እትዬ፣ ለሁለታችሁ እኩል ብከፍል ጎረቤትዎ ምን ትላለች?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄንን ስታሳድሱልኝ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። አንቀጹ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ግን እትዬ ያንን ገጽ አንብበው እንደማያውቁ የሸጠላቸው ሰው ያውቃል። ካሳው በሕጉ መሠረት 300,000 ሆኖ ተከፈለ። ሪፖርቴ መጨረሻ ላይ ግን በእድሳት ጊዜ ዋጋ እንዲከለስ ደንበኞች በጽሑፍ ይጠየቁ የሚል ሐሳብ ጨመርኩ። ቤታችሁ ኢንሹራንስ ካለ፣ የአባታችሁ መኪና በሙሉ ኢንሹራንስ ካለች፣ ዛሬ ማታ ፖሊሲውን፣ ማለትም የውሉን ሰነድ፣ አውጡና የተመዘገበችበትን ዋጋ እዩ። ዛሬ ማታ! ከ2016 በፊት የተጻፈ ዋጋ ከሆነ ነገ ጠዋት ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለሕግ ተማሪዎች። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በ2013 በአዲስ ሲተካ የኢንሹራንሱ ክፍል ባለበት ነው የቀጠለው። ስለዚህ እኛ እስከ ዛሬ የምንሠራው በጃንሆይ ዘመን በተጻፈ ሕግ ነው። አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ አጭርና ግልጽ ነው። ካሳ ከጉዳቱ አይበልጥም። ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት አይካስም። መብትህን በ2 ዓመት ውስጥ ጠይቅ። ኩባንያው ለአንተ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛውን በአንተ እግር ተተክቶ ይጠይቃል። ይሄን የመጨረሻውን ሪከቨሪ ነው የምንለው፤ ለሕግ ምሩቅ ትልቁ የሥራ በር እሱ ነው።

«አንከፍልም» ማለት ደግሞ አይቀርም። እንዴት ነው የሚባለው? «ያቀረቡትን ጥያቄ ማስተናገድ የማንችል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ አለ። እኔ ይሄን ስድብ ነው የምለው፤ «በአክብሮት» ስላለው ስድብነቱ አይቀርም። ያያችሁትን ጻፉ፣ አንቀጹን ጥቀሱ፣ ደንበኛው ምን ቢያመጣ ውሳኔው ሊቀየር እንደሚችል ንገሩት። ሰው እምቢ መባልን ይችላል። ለምን እንደተባለ አለማወቅን ነው የማይችለው።

ቅድም «ሲከፍሉ ቀጠሮ» ላልከው ወንድሜ። ክሌም የሚዘገየው በአራት ምክንያት ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አይደርስም። ደንበኛው ሊብሬ ወይ መንጃ ፈቃድ ሳያሟላ ይጠፋል። መለዋወጫ ገበያ ላይ ይታጣል። አራተኛው ስንፍና ነው። የእኛ ስንፍና። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም አይነካውም። ሦስቱን ለማስረዳት ጊዜ አለኝ። ለአራተኛው ግን ጠበቃ አልሆንም።

ሦስተኛ፣ ሰው።

ይሄ አጭር ነው፤ ብዙ ሊወራ ስለማይችል።

ሦስተኛ ወገን፣ ሰርድ ፓርቲ የምትሉት፣ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው። መኪናው ውጭ ያለውን ሰው ቢጎዳ፣ ቢገድል፣ የሰው ንብረት ቢያበላሽ ይከፍላል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ «ማን ይከፍላል?» ሳይባል ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል፤ ለዚያ የተያዘው እስከ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ቢሆንስ? ለእሱ የመድን ፈንድ አለ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፤ እባካችሁ ለዘመድ ለጎረቤት ንገሩ።

አንድ ጊዜ ወንድሙ በመኪና የተገጨበት ሰው ቢሮ መጣ። የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የሞት ማስረጃውን፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ ሁሉንም በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። ቁጥሩን ነገርኩት። ወረቀቱን አየው፣ አየው። ከዚያ «የወንድሜ ዋጋ ይሄ ነው?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ይሄ ሕጉ በዚህ ውል ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ ነው፤ የወንድምህ ዋጋ አይደለም። ከዚህ በላይ ያለውን ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕግ ከባለንብረቱ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ እዚህ መፈረምህ ያንን አያስቀርም አልኩት። ባልደረባዬ በኋላ «ይሄን ማለት ነበረብሽ?» አለኝ። አዎ ነበረብኝ። አሁንም እላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ደግሞ ስልክ አታንሱ። ውሃ አምጡለት። ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ፎልደር ይዞ የሚሄድ የክሌም ሠራተኛ አይቻለሁ፤ እናንተ እንደሱ አትሁኑ፣ አርባው ይውጣ።

እዚህ ላይ ከመስመር ልውጣ። «ወደፊት ይሄን ሁሉ ኮምፒውተር አይሠራውም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቦረና ውስጥ ከ2004 ገደማ ጀምሮ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ጋር የጀመረው የከብት መድን አለ። ገማች የለውም! የሞተ ላም የሚቆጥር ሰው አይሄድም። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ከላይ ይለካል፤ ከተቀመጠው መጠን በታች ከወረደ ይከፈላል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ እንጀራዬ የተነጠቀ መስሎኝ ነበር። ግን አስቡት፣ በዚያ ሰፊ ቆላ ላይ አንድ በአንድ የሞተ ከብት የሚያይ ሰው ቢላክ ወጪው ራሱ መድኑን ይበላዋል። ለዚያ ቦታ ልክ ነው። ጉድለትም አለው፤ ሳተላይቱ አረንጓዴ አየሁ ሲል መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል፣ የአንዱ አርብቶ አደር ከብት ደግሞ እዚያው እያለቀ ነው። ያኔ የሚቆጣበት፣ ዓይኑን የሚያየው ሰው የለም። ስለዚህ መሣሪያው ይመጣል፣ ይምጣ። የቪትሷን ዝገት ፎቶ አንስቶ የሚለይ ፕሮግራምም ይመጣል። አጎትየውን ጠርቶ «ሌላ የሚነዳ አለ?» የሚለው ግን ሰው ነው።

እሺ፣ እንዴት ይገባል?

አውቶሞቲቭና መካኒካል የተማራችሁ፣ በሩ ለእናንተ ሰፊ ነው፤ ከሕይወት መድን ውጪ ያለው ክሌም አብዛኛው ተሽከርካሪ ነውና። ሲቪል ምሕንድስና ለሕንፃና ለኮንትራክተር ዋስትና። አካውንቲንግ ለእሳትና ለስርቆት፤ አመድ ነፍቶ ቁልፍ ቆጥሮ ከደረሰኝ ጋር የሚያስታርቀው እሱ ነው። ሕግ ለሪከቨሪና ለክርክር። ከገባችሁ በኋላ የለንደኑን የቻርተርድ ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ፈተና እየሠራችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ወጪውን የሚጋራ ኩባንያ አይጠፋም፣ ጠይቁ። ልምድ ካካበታችሁ ወዲያ ደግሞ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አውጥታችሁ በግላችሁ የጉዳት ገማች መሆን ይቻላል። ያኔ ኩባንያው ይጠራችኋል እንጂ እናንተ አትለምኑም።

ስለ ደሞዝ ጠይቁኝ፣ አላፍርም። ጀማሪ ሆናችሁ ስትገቡ ቅድም ስለ ባንክ ያወራው ወንድሜ ከነገራችሁ ያነሰ ነው። የመስክ አበል አለ፤ እሱ ግን ባሌና ሁመራ በአውቶቡስ ሲያመላልሳችሁ ነው። እሑድ ማታ ስልክ ይደወላል። «መኪናዬ ገደል ገባ» የሚል ሰው ሰኞ እስኪነጋ አይጠብቅም።

ጥያቄ ካለ ... አዎ፣ እዚያ ጋ፣ ሹራብ የለበስሽው። «ሴት ሆኖ ጋራዥ መዋል አይከብድም ወይ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ይከብዳል። ጋራዥ ስገባ ባለቤቱ «እህቴ፣ ጉዳይሽ ምንድን ነው?» ይለኛል። «መኪና ላይ ነው የመጣሁት» እላለሁ። «እሺ፣ ኢንጂነሩ እስኪመጣ ቁጭ በይ» ይልና ወንበር ይጠርግልኛል። ስንቴ ተጠርጎልኛል! አልከራከርም። ጋውኔን አወጣለሁ፣ ካርቶን አነጥፋለሁ፣ መኪናው ሥር እገባለሁ። ከሥር ሆኜ «ይሄ ሻንሲ በፊት ተበይዷል፣ ማነው የበየደው?» ስል ወንበሩን ራሱ መልሶ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ሱሪ ልበሺ፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ፣ ባትሪና ሜትር ከቦርሳሽ አይጥፋ። የስልክሽ ባትሪም ሙሉ ይሁን፤ ፎቶ ሳታነሺ ከመኪናው ሥር እንዳትወጪ፣ ምክንያቱም ነገ ስትመለሺ ተቀብቶ ታገኚዋለሽ።

ሌላ? አንተ፣ ከኋላ። ማይኩን ስጡት።